በአደራ የተቀመጠው ሶፋ

ፀጉር ሠሪዋ ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም። ልጇ ሚጣ ነርስ ለመሆን ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ ክፍያው ግን ያቺ ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት ተሸጣም የምትሞላው አልነበረም። የቀረው ተስፋ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ሚጣ ፈተናውን አልፋለች። አሁን የሚጠበቀው የድርጅቱ አጣሪ ቤት ድረስ መጥቶ፣ እውነትም ችግረኞች መሆናቸውን በዓይኑ እንዲያይ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጣ ተደውሎ ተነገራቸው።

ነገሩን ያባባሰችው አንዲት ደንበኛ ናት። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ከትታ፣ አምና አጣሪዎቹ የእህቷን ልጅ በአንድ ቴሌቪዥን ምክንያት እንደጣሏት ጮክ ብላ ተረከች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው መቼስ ሹክ ማለት አይችልም። ፀጉር ሠሪዋ ቤት ደግሞ ያለው ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ባለ ሁለት በር ፍሪጅ አለ፤ ፕላስቲኩ ያልተላጠ ቡናማ ሶፋም አለ። ሁሉም ስንት ራስ ታጥቦ፣ በየወሩ እየተከፈለ የተገዛ ነው። ይህን ለአጣሪ ማን ያስረዳል?

ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄደች።

የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ልብስ ሰፊዋ ዝምተኛ ሴት ናት፤ የምትኖረው ከአንዲት ልጇ ጋር ሲሆን፣ ልጅቱ ከሚጣ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ስኳር ሲያልቅ፣ ክብሪት ሲጠፋ፣ ሚጣ ትንሽ ሳለች የሚይዛት ሰው ሲታጣ፣ ፀጉር ሠሪዋ የምታንኳኳው ያቺን በር ነበር። አንድም ቀን እምቢ ተብላ አታውቅም።

ያን ቀን ግን ልብስ ሰፊዋ ዕቃውን በአደራ እንድታስቀምጥ ስትጠየቅ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ሐሙስ ነው ያልሽኝ?»

«ነገ ጠዋት። ሰውዬው እስኪሄድ ብቻ።»

«ሌላ ቦታ አይሆንም?»

ፀጉር ሠሪዋ ጆሮዋን አላመነችም። ልብስ ሰፊዋ ልጇን አየቻት፤ ልጅቱ መሬት መሬት አየች።

«እሺ፣ አምጪው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አደራሽን፣ ማንም ቢጠይቅሽ የራሴ ነው በይ። የኔን ስም እንዳታነሺ።»

ልብስ ሰፊዋ ቃል ገባች።

ዕቃው ሲጋዝ ሚጣ የሶፋውን አንድ ጫፍ እንደያዘች፣ «እማዬ፣ እነሱ ግን...» ብላ ጀምራ ነበር። እናትየው አፏን ዘግታ ጫፉን በደንብ እንድትይዝ ነገረቻት። ፍሪጁን ወተቱ እንዳይበላሽ እዚያው ሰኩት።

ያቺ «ሌላ ቦታ አይሆንም» የምትለው ነገር ፀጉር ሠሪዋን ስትከነክናት አደረች። ቅናት ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በማግስቱ መስኮቷን ብትከፍት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ደጇን ጠርጋ፣ ውሃ ረጭታ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ቆማለች። በሥራ ቀን! ለማን ነው እንዲህ የተሽሞነሞነችው? ስትል ፀጉር ሠሪዋ በሆዷ አጉረመረመች።

አጣሪው ላቡን እየጠረገ መጣ፤ ወፈር ያለ፣ ትሑት ሰው ነው። በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ቴሌቪዥኑ የነበረበት የግድግዳው ቦታ ነጥቶ ይታይ ስለነበር ካላንደር ሰቅለውበታል፤ ካላንደሩ ግን አነሰ። ሪሞቱንም ረስተውታል። ሚጣ ድንገት አየችውና ቀስ ብላ ሄዳ ተቀመጠችበት።

ሰውዬው ቀዝቃዛ ውሃ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ፀጉር ሠሪዋ «እንዴታ» ብላ ብድግ አለች፤ ጥጉ ጋ ስትደርስ የጠበቃት የፍሪጁ እግሮች ምልክት ብቻ ነው። ተመልሳ የቧንቧ ውሃ ብቻ እንዳላቸው ነገረችው። ሐዘኗ የእውነት ስለነበር ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ተሰናብቶ ሲወጣ በመጋረጃው ቀዳዳ ተከተለችው። አጣሪው ጥቂት ተራመደና የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳ። ገባ። ቆየ።

«አለቀልን» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ሲወጣ አፉን እየጠረገ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እስከ ደጅ ሸኘችው፤ አንገቷን ደፍታለች። የሰው እንጀራ የዘጋ ሰው አንገቱን ቢደፋ ምን ይገርማል? አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ዕቃዋን ስታስመልስ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለችም። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ደህና አደርሽ ስትላት እሷ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ትፈልጋለች። ጎረቤቷ እንደጠቆመችባት ደንበኞቿ ሁሉ ሰሙ፤ ካስክ ውስጥ ያሉትም ጭምር።

ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። የሚጣ የትምህርት ወጪ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖላታል።

ፀጉር ሠሪዋ በደስታ አለቀሰች። እንባዋን ሳትጨርስ ሐፍረት ወረራት፤ ለካ ሴትዮዋ ትንፍሽ አላለችም። ሄዳ ትልቅ ኬክ ገዛችና ያችን በር አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ እንኳን ደስ አላችሁ ብላ አቀፈቻት፤ ይቅርታውን አላስጨረሰቻትም።

«ተይው በቃ፤ አደራ አይደል እንዴ» አለች።

ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ የስፌት መኪና ገብቷል። ልጅቱ ተቀምጣበት ነጭ የነርስ ጋውን ትሰፋለች፤ ለሚጣ ስጦታ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ኬኩን እየቆረሰች፣ እስከዛሬ ጠይቃት የማታውቀውን ጠየቀቻት።

«አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ ኮሌጅ የምትገቢው መቼ ነው?»

«እኛንማ ያን ሐሙስ አጣሪው ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ከፍሪጁ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ፣ ‹እናንተማ ደህና ናችሁ› ብሎን ሄደ፣ እትዬ።»