ክራቫት ያሰረው ጠበቃ

ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን በከፈተ ቁጥር ያው ጠበቃ ይመጣበታል። ዜና ቢያነብ፣ የኳስ ውጤት ቢያይ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ቢፈልግ፣ ከገጹ አናት ላይ ክራቫት ያሰረ ሰው ፈገግ ብሎ «ፍቺ አስበዋል? ጣጣውን ለእኛ ይተዉት» ይለዋል። መሥሪያ ቤት ሲከፍተው ግን የለም። ማስታወቂያ ሰው የፈለገውን ነገር እየተከተለ እንደሚመጣ ሰምቷል። የቤቱን ዋይፋይ የሚጠቀሙት ደግሞ እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። እሱ እንደሆነ ጠበቃ አልፈለገም።

ሚስቱም ሰሞኑን ስልኳን ደፍታ ነው የምታስቀምጠው። ወጥ ስታጣፍጥ ጠረጠራት። ዝም ስትል የባሰ ጠረጠራት።

አንድ ቀን አላስችል ቢለው ምሳውን ትቶ ኢንተርኔት ወደሚያቀርብላቸው ድርጅት ሄደ።

«ማስታወቂያውን እኮ እኛ ነን በየገጹ ላይ የምንሰካው፣ ጋሼ» አለችው የደንበኞች አገልግሎት ልጅ፣ ምንም ሳይመስላት። «የሰፈሩ ደንበኛ ሁሉ ያየዋል። በሚቀጥለው ወር የፍራሽ ማስታወቂያ እናደርገዋለን።»

ሰውየው ሊስማት ምንም አልቀረውም። ሚስቱ የምትወደውን ብርቱካን ገዝቶ በጊዜ ወደ ቤቱ ገባ።

ሳሎን ውስጥ የነፍስ አባታቸው፣ የሚስቱ አጎትና የዕድሩ ዳኛ ተደርድረው ጠበቁት። ሚስቱ ጥግ ላይ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች።

«ና ልጄ፣ አረፍ በል» አሉት ቄሱ። «እስቲ አንተው ንገረን። ይቺ ልጅ ምን ብትበድልህ ነው ጠበቃ ማፈላለግ የጀመርከው?»