ፎቶው ላይ ያው ነው

«ይኸው፣ እንደላክሽልኝ አምጥቼዋለሁ፤ ጠበበኝ» አለች ኢልሃም፣ ቀሚሱን ከፌስታሉ አውጥታ ባንኮኒው ላይ እየዘረጋች።

ዐዚዛ በሁለት እጇ አነሣችው። አረንጓዴው ክር አረንጓዴ ነው፣ ወርቃማውም ወርቃማ፤ ደረቱ ላይ የጠለፈችው የወይን ሐረግ ቅጠሉ አልጎደለም። ጫፉን ገልብጣ ግን ውስጡን አየች። የእሷ የእጅ ጥልፍ በጀርባው በኩል ቋጠሮ በቋጠሮ ነበር። የዚህ ውስጡ በነጭ የማሽን ክር የተሞላ ነው። ክረምቱን ሙሉ አጎንብሳ የጠለፈችው ቀሚስ ከሴትዮዋ ቁም ሣጥን ቀርቷል፤ የተመለሰላት እሱን አስመስለው የሰፉት ሌላ ቀሚስ ነው።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለች።

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

ኢልሃምን ከዛሬ በፊት በአካል አይታት አታውቅም። ሴትዮዋ ቀሚሱን ፌስቡክ ላይ አይታ ጻፈችላት፣ በዋጋ ተስማሙ፣ ዐዚዛም በባጃጅ ላከችላት። መቼም ጣጣው የመጣው ከዚያው ከገጿ ነው። አባቷ ሐጂ ያሕያ አዲስ ዓለም ሰፈር ይህን ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ አንድ ሕግ አላቸው፤ ገዢ ተጸጽቶ ዕቃ ከመለሰ፣ ለምን ሳይባል ብሩ ይሰጠዋል። ሌላው ነጋዴ ሲስቅባቸው «ነገ እኔም ስሳሳት ተቀባይ አላጣም» ይላሉ። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባለው ለእሳቸው ተረት አይደለም፤ የሱቅ ደንብ ነው። ዐዚዛ በስልክ ልሽጥ ስትላቸውም የፈቀዱላት ይህንኑ ቃል ከገጿ አናት ላይ እንድትጽፍ አስምለው ነው። ኮርታ ጻፈችው። እዚህ ሰፈር ያንን ቃል መጫወቻ የሚያደርግ ሰው ማታውኑ ወሬው ከቤቱ ይደርሰዋል፣ ያፍራል። ስልክ ውስጥ ግን ሰፈር የለም። ይህን አባትም ልጅም አላሰቡትም።

ኢልሃም ዐይኗን በጨው ታጥባ ነው የመጣችው። ስልኳን አውጥታ የገጹን ፎቶ ከቀሚሱ አጠገብ ያዘችና፣ ከገጠር ከኮሶዬ ወርዶ አቡጀዲ ወደሚያስለካው የሱቁ ደንበኛ ወደ አስማረ ዞረች።

«ወንድሜ፣ እስኪ አንተ ፍረደን። ይኼ ከዚህ ይለያል?»

አስማረ ስልኩን አየ፣ ቀሚሱን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ። ቅን ሰው ነው፤ ያየውን ተናገረ። «ምነው ዐዚዛ፣ ያው አይደል እንዴ? ሸጋ ቀሚስ ነው።»

«ውስጡን እየው! ይሄ እኮ በማሽን…»

«ፎቶው ላይ ውስጡ አለ?» ኢልሃም አቋረጠቻት። «ያየሁት ይህንን፣ የላክሽልኝ ይህንን፣ የመለስኩልሽም ይህንን። ቃላችሁ የውሸት ከሆነ እዚያው ገጽሽ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ሰው ይወቃችሁ።»

ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ዐዚዛ ግን ምን ታሳያለች? ፎቶ ያነሣችው ፊቱን ብቻ ነው፤ የቀሚስ ጀርባ ማን ፎቶ ያነሣል!

«ብሩን ውሰጂው» አለች። «ውሰጂውና ቀሚሴን ብቻ መልሺልኝ። በአላህ።»

«ይኸው መለስኩልሽ እኮ።»

«ወዲህ አምጪው» አሉ ሐጂ ያሕያ ከባንኮኒው ኋላ ከበርጩማቸው። ሞራ ዐይናቸውን ከሸፈነው ወዲህ ዕቃ የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ዐዚዛ ቀሚሱን ጭናቸው ላይ አኖረችው። ጣቶቻቸው በሐረጉ ላይ ሄዱ፣ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ቆሙ። ክረምቱን ሁሉ «እስኪ የት ደረስሽ?» እያሉ ቋጠሮዎቿን ሲዳብሱ የከረሙ ጣቶች ናቸው። አሁን ይናገራሉ አለች በልቧ።

ሐጂ ያሕያ መሳቢያውን ስበው ብሩን አወጡ።

«አባባ!»

«ለምን አይባልም ብያለሁ።»

ያ ተረት እንዲጠፋ የፈረደበት ልጅ እሷ መሆኗ ዛሬ ገና ገባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ልታብሰውም አልሞከረች።

አባቷ ብሩን ወደ ኢልሃም ዘረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም ነገ ተቀባይ አትጪ» አሏት። ኢልሃም አሜን ሳትል ተቀብላ ወጣች። አስማረም ነገሩ ከብዶት፣ ግን ሳይገባው፣ አቡጀዲውን በብብቱ ይዞ «ደህና ዋል አያ ያሕያ» ብሎ ተከተላት።

ሐጂ ያሕያ ቀሚሱን እንደ ዕቃ አጣጥፈው መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም። ጠቅልለው ከበርጩማው ሥር ወሸቁትና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስልክሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ያቺን ቃል ከዚያ አጥፊያት።»

ዐዚዛ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ፊታቸውን ስታይ ግን ገጹን ከፍታ መሰረዣውን ተጫነች፤ ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት እየተለቀሙ አለቁ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ምንም ደስ አላላትም።

«ጠፋች?» አሉ ሐጂ ያሕያ።

«ጠፋች፣ አባባ።»

ተነሥተው ባንኮኒውን ያዙ። ቀሚሱ ተዘርግቶበት የነበረውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው ይዳብሱት ጀመር፤ ደጋግመው፣ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው።