ተረጋጊና ክፈቺ

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ትርሲት በቀዳዳው አጮልቃ አየች። ሆስፒታል አባታቸውን ሲያስታምም የሰነበተው ታላቅ ወንድሟ መርዕድ ቆሟል። ከኋላው የኮንዶሚኒየሙ ሴቶች ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ልቧ ድው ድው ሲል የእጇ አምባር ቀላ፤ በሩም ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። አምባሩን ሁሉም ሰው እንዲያስር ያዘዘው አዋጅ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ነው፤ የተጨነቀ ሰው እስኪረጋጋ ድረስ ከቤቱ አይወጣም። ለራሱ ሲባል ነው ይላሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ አባዬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። ተረጋጊና ክፈቺ።»

«ነጠላውን አይቻለሁ እኮ!» በሩን በጡጫ ደበደበችው። አምባሩ ደም መሰለ።

መርዕድ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። «እነሱማ ከሌላ ለቅሶ ሲመለሱ አግኝቻቸው ነው። አባዬ ዛሬ ገንፎውን ጨረሰ። ‹ትርሲትን ምን አስቀራት?› ብሎ ተቆጥቷል።»

ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ግን አባቷ ጺሙ ቅቤ ነክቶት ሲቆጣት ታያት። ዓይኗን ጨፍና በሐሳቧ እዚያው አባቷ አጠገብ ቆየች። አምባሩ አረንጓዴ ሆነ፤ በሩ ተከፈተ።

መርዕድ ዘሎ ገብቶ ጥምጥም አለባት። «ሌሊት አረፈ፣ እህቴ።»

የሁለቱም አምባር ቀላ፤ ሴቶቹ ሳይገቡ በሩ ተዘግቶ በሁለቱም ላይ ተቆለፈ። ከኮሪደሩ ዋይታ ተሰማ። ትርሲትም ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ወንድሟ በመዳፉ ከደነው።

«አታልቅሺ፣ በእናትሽ» አላት፣ የራሱ እንባ አንገቷ ላይ እየወረደ። «ካለቀስን ቀብሩ ያመልጠናል።»