ሙሽራው የሌለበት ሰርግ

«አንዲት ቃል ከዋሸሁሽ ዓይኔ ይጥፋ፤ ለፎቶ አንሺ ደግሞ ዓይኑ እንጀራው ነው!» ብዬ ለሚስቴ በስልክ ጀመርኩላት። እሷ ባሕር ማዶ ሆና ቪዛዋን ትጠብቃለች፤ እኔ የትዳር ማመልከቻችንን ይዤ ከኢሚግሬሽን ቢሮ መመለሴ ነው። አብራኝ የዋለችው ታላቅ እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቃለች።

«ሠራተኛዋ የሰርጋችንን ፎቶ አንድ በአንድ ገለጠችና ‹ሙሽራው የታለ?› አትለኝም! ደሜ ፈላ። ‹ሰርጌን በማንም ጀማሪ አላስነሳም ብዬ ያነሳሁት ራሴው ነኝ! ከካሜራው ጀርባ የቆመው ባል ካልታየሽ መነጽር ግዢ! ሰው ሚስቱን ለማምጣት ስንት ቦታ ይቁም?› ብዬ ጠረጴዛውን ስነርተው ሕንጻው ተንቀጠቀጠ። ወረፋ የያዘው ሕዝብ አጨበጨበ። አለቃቸው ከላይኛው ፎቅ እየሮጠ ወርዶ ‹ጌታዬ፣ ይቅርታ› እያለ ማመልከቻችን ላይ ማኅተሙን አሳረፈበት። በይ ሻንጣሽን አዘጋጂ!»

ሚስቴ «እትዬን አገናኘኝ» አለች። እህቴ ስልኩን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።

«እሱ እኮ አልጮኸም፣ የኔ እህት» አለቻት። «አንዱን ፎቶ መርጦ፣ ቀሚስሽ ጫፍ ላይ ያረፈውን ጥላ በጣቱ እያሳየ ‹ይሄ እኔ ነኝ› አለ። ድምፁን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሴትዮዋ ማኅተም ሳታሳርፍበት ፋይሉን መለሰችለት። ይኸው፣ እስካሁን ታቅፎታል።»