የተለየው ሳህን

ሙሴ ቀኝ እጁን ከትሪው በላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ምግብ ቤት የጋራዡ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። አምና እጁ ላይ ሽፍታ በወጣበት ሰሞን፣ የሥራ ባልደረባው ዮፍታሄ አስተናጋጇን «ለሙሴ ለብቻው አምጪለት» ሲላት ሰምቶ፣ የመጣውን ሳህን እንኳ ሳያይ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚበላው ለብቻው ነው፤ የምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ልቡ ይመታል፣ ጨጓራው ይቃጠላል፣ እጁን እስኪደማ ያካል። ዛሬ ጠዋት ግን ሐኪሟ፣ «ሽፍታው አይተላለፍም። ጭንቀቱ፣ ጨጓራውና ቆዳው እየተቀባበሉ ነው የሚያሰቃዩዎት። መድኃኒቱን ይውሰዱ፤ ብቻዎን ተቀምጠው ደግሞ አይብሰልሰሉ» አለችው።

«አይተላለፍም» አለ ሙሴ፣ ዓይኑን ዮፍታሄ ላይ ተክሎ። «ሳህን ያስለየህብኝ በከንቱ ነው።»

ዮፍታሄ የጠቀለለው እንጀራ አፉ ሳይደርስ ቆመ። «ምኑ ነው የማይተላለፈው?»

«ሽፍታዬ ነዋ።»

«አንተ ሰው፣ ሽፍታህን ማን አየው? በርበሬ ገደለኝ እያልክ ስትነዘንዘን ከርመህ፣ አልጫ ነው ያዘዝኩልህ። ጥለኸው ስትሄድ እኔው በላሁት። ዓመት ሙሉ ያኮረፍከኝ በአልጫ ነው?»

ሌሎቹ ሳቁ። ዮፍታሄ አስተናጋጇን ጠርቶ አልጫ አስመጣና እዚያው ትሪው ላይ፣ በሙሴ በኩል አስፈሰሰው።

የሙሴ ልብ አሁንም ይመታ ነበር። ግራ እጁ ግን ሳያውቀው ማከኩን ተወ፤ ቀኙ ወርዶ እንጀራ ቆረሰ።