ዓርብ ዓርብ የምትሞት መኪና

የሙንዚር መኪና ዓርብ ዓርብ ትሞታለች። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ የዐማንን ዳገት ሳታንገራግር ትወጣለች፤ ዓርብ ጠዋት ግን በሯ እንኳ አይከፈትም። ሁለት ዓርብ እንዲህ ሆነ።

ሙንዚር ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የተበላሸ ነገር ይጠግናል። የአማቱን የሐጃ ነዚሃን ልብስ ማጠቢያ ጠግኗል፤ ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ሲሠራ እየዘለለ ሳሎን ድረስ ይመጣል። የውሃ ታንከራቸውንም ጠግኗል፤ ያን ቀን የታችኛው ፎቅ ሰዎች ምንጣፋቸውን ፀሐይ ላይ አሰጡ። ሐጃ ነዚሃ ሁሌም «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» ይሉታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሟች ባላቸው ሬዲዮ ድምፁ እየተቆራረጠ እንደሆነ ከአፋቸው አመለጣቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ሬዲዮ ሳይሰሙ ቁርስ ቀምሰው አያውቁም። ሙንዚር እዚያው ቃል ገባ። «ዓርብ ለምሳ ስንመጣ እፈታዋለሁ።»

ሐጃ ነዚሃ የሚኖሩት ሳልት ነው፤ በመኪና ብዙ አይርቅም። መኪናዋ ግን እምቢ አለች። ባለፈው ዓርብ ሐጃ ስልክ ደውለው አጽናኑት። «አትጨነቅ፣ ልጄ። በሚቀጥለውም ካልተመቸህ ሬዲዮውን ሰዓት ሠሪው ይወስደዋል።»

ሙንዚር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። አማች እያለ ባዳ የቤቱን ሬዲዮ ሊፈታ!

መኪናዋን ማን እንደሚገድላት ያውቃል። ጎረቤታቸው ዚያድ ነው። ዚያድ ከሕንፃው ሥር የባትሪ ሱቅ አለው፤ መኪናውን የሚያቆመውም ከሙንዚር መኪና ጎን ነው።

«ጎረቤትሽ ባትሪ ነጋዴ ከሆነ፣ ባትሪሽ ለምን ሞተ ብለሽ አትጠይቂም» አላት ሚስቱን።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አላህ ያውቃል» አለች ሪሓብ።

ሐሙስ ዕለት ሙንዚር ባያደር ሰፈር ወርዶ አዲስ ባትሪ ገዛ። ማድቤት ካሉት የወይራ ጣሳዎች ኋላ ሸሸገው፤ ለሪሓብም አልነገራት፤ ወሬ በበረንዳ ይሻገራል። አመሻሹ ላይ ሪሓብ መነጽሯን መኪናው ውስጥ ረስታ ኖሮ ወርዳ አመጣች።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋ ሞታ ተገኘች።

ሙንዚር ከሪሞቱ ሆድ ትንሿን የብረት ቁልፍ መዝዞ የፊቱን በር ከፈተ። ባትሪው ያለው ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ሥር ነው፤ የኋላ ክዳኗ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይከፈትም። ስለዚህ በወንበሮቹ ላይ ተንፏቆ ወደ ውስጥ ገባ። ከውጭ የሚታዩት ሁለት እግሮቹ ብቻ ነበሩ።

ዚያድ የሻይ ብርጭቆ ይዞ በረንዳው ላይ ብቅ ብሎ ሙንዚርን በልጁ ስም ጠራው። «አቡ ላይስ! ዋጠችህ እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ!»

«ዓርብ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው። ልውረድና በነፃ ልግጠምልህ?»

«ሥጋ ለጅብ አደራ አልሰጥም!»

ዚያድ ሳቀ። «ስማ፣ የሃይብሪድ መኪና ነገር እንዲህ ነው፤ ትልቁ ባትሪ ጎማ ያዞራል፣ የምትቀሰቅሰው ግን ትንሿ ናት። እሷ ካልፈለገች ትልቁ የትም አይሄድም። ልክ እንደ ቤትህ።»

ሙንዚር ከውስጥ ያለውን የእጅ መክፈቻ ሲስበው የኋላ ክዳኗ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ሪሓብ ሻይ ይዛ ስትወርድ አዲሱን ባትሪ አየችው።

«ይሄን መቼ ገዛኸው?»

«ትናንት።»

መኪናው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ተው፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ ይገድልሃል። ነገ ባለሙያ ይሥራው።»

«አሥራ ሁለት ቮልት ዝንብ አይገድልም።»

ጥቁሩን ሽቦ አስቀድሞ ሊፈታ ሲል ባለ አሥር ቁጥር መፍቻው ጠፋ። ሩብ ሰዓት ተፈልጎ ሪሓብ ከተቀመጠችበት ሥር ተገኘ። ጥቁሩን ፈታ፣ ቀዩን ፈታ፣ አሮጌውን አወጣ። ይኼኔ ሪሓብ «ድመት እንዳይገባ» ብላ ክዳኑን ልትዘጋው ሳበችው፤ ክዳኑ የሙንዚር ማጅራት ላይ አረፈ።

«ሴትዮ! አሁን ከተዘጋ እኮ እንደገና ልንፏቀቅ ነው!»

ስልኩ ጮኸ። ሐጃ ነዚሃ ናቸው።

«ዛሬም ሞተች፣ ልጄ?»

ሙንዚር ለማንም አልነገረም ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የእናት ልብ ያውቃል» አላት ሪሓብን በሹክሹክታ።

«በቃ፣ ራስህን አታድክም» አሉ ሐጃ። «ለምሳ የሠራሁትን መንሰፍ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ።»

«ለማንም እንዳይሰጡ፣ ሐጃ! ባትሪውን ራሴ ቀይሬዋለሁ፤ መምጣታችን ነው!»

«ሃሎ? ሃሎ?»

«መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ» አለ ሙንዚር።

ቀዩን አሰረ፣ ጥቁሩን አሰረ። ከኋላ ወንበር በላይ ያለው የጣራ መብራት ቦግ አለ። ሙንዚር እንደ ልጅ አጨበጨበ። ሪሓብ እጇን ሰዳ መብራቱን አጠፋችው።

«በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ይሠራል?»

ቆጣቢነቷን ሁሌም ይወድላታል። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ሙንዚር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ በረንዳው ጮኸ፦ «እስኪ አሁን ግደላት!»

ዚያድ ግራ ገብቶት ብርጭቆውን ከፍ አደረገ። «መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ጎረቤቴ!»

ሳልት ሲደርሱ መንሰፉ ገና አልቀረበም። ሐጃ ነዚሃ በሩን ከፍተው መጀመሪያ አማቻቸውን፣ ቀጥሎ የመሣሪያ ሣጥኑን አዩ። «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አሉት። እሱ ግንባራቸውን ስሞ፣ ሣጥኑን እያንቋቋ በቀጥታ ወደ ሳሎን ገባ። ወዲያው የካቻቢቴ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም አንድ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

ሐጃ ነዚሃ ልጃቸውን አቅፈው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«ምነው ሪሓብ፣ ትናንት የመኪናውን መብራት ማብራት ረሳሽ?»