ወንድምሽ መታኝ

አባቷ በካንሰሩ ላይ መርሳት ከተጨመረበት ወዲህ፣ ሴት ልጁ የነርሷን ምክር አጥብቃ ይዛለች፤ «ያሉትን ሁሉ እሺ በያቸው፤ ክርክር ያስጨንቃቸዋል።» ስለዚህ በየጠዋቱ «ወንድምሽ መታኝ» ሲላት፣ ወንድም ኖሯት ባያውቅም «እቆጣዋለሁ አባዬ» ትለዋለች።

ዛሬ ገንዳ ውስጥ አስቀምጣ ገላውን ስታጥበው ጀርባው በልዞ አየች። መድኃኒቱ ቆዳ እንደሚያበልዝ ታውቃለች፤ መድኃኒት ግን አምስት ጣት የለውም። መዳፏን ብታሳርፍበት በምልክቱ ውስጥ ጠፋ።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ስንቴ ልንገርሽ? ደግሞ ቁጣሽ ነው ያባሰው። ምላስሽን ብትሰበስቢ ምን ነበረበት?»

ወዲያው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየና ለመነ።

«ተው ልጄ፤ እሷን ተዋት፤ እኔን ምታ።»

ልትዞር ስትል አንድ እጅ ጸጉሯን ከኋላ ጨምድዶ ግንባሯን ከገንዳው ጠርዝ ጋር አላተመው።